የቤት ሰርቨር፦ ከፕሮሰሰሩ በፊት ዲስኩና መብራቱ

ቤቱ ሰርቨር ማቆም የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው አብዛኛውን ጊዜ «ፕሮሰሰሩ ምን ይሁን?» ብሎ ነው። መጨረሻ ላይ መምጣት ያለበት ጥያቄ ነው። የቤተሰብ ፎቶ የሚያስቀምጥ፣ ፊልም ወደ ቴሌቪዥን የሚልክ፣ የግቢ ካሜራ የሚቀዳ ወይም የሥራ ሰነድ የሚያጋራ ሰርቨር ፕሮሰሰሩ ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል ሥራ ፈትቶ ነው የሚውለው። ሰርቨሩን የሚጥሉት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ሳይታወቅ የተገዛ ዲስክና በድንገት የሚሄድ መብራት። ስለዚህ በጀቱ የሚደለደለው ከኋላ ወደ ፊት ነው። መጀመሪያ የመረጃው ስንት ቅጂ እንደሚያስፈልግ ይወሰናል፤ ከዚያ ለእሱ የሚሆኑት ዲስኮች፣ ቀጥሎ መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ ይገዛሉ፤ የተረፈው ብር ለኮምፒውተሩ ይሆናል። ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ላይ የተገጠሙ ሁለት ደህና ዲስኮች፣ አዲስና ውድ ማሽን ላይ ከተገጠመ አንድ ርካሽ ዲስክ ይሻላሉ።

ስንት ቴራባይት?

በግምት አትግዙ፤ ስሌቱ ቀላል ነው። የስልክ ፎቶ ከ3 እስከ 5 ሜጋባይት ቢይዝ፣ 50,000 ፎቶ ከ250 ጊጋባይት አይበልጥም። ቦታ የሚበላው ቪዲዮ ነው። በ4ኬ በሰከንድ 30 ፍሬም የተቀዳ የስልክ ቪዲዮ እንደ አጨማመቁ በደቂቃ ከ170 እስከ 350 ሜጋባይት ይወስዳል። አንድ ሠርግ አምስት ሰዓት ቢቀዳ ከ50 እስከ 105 ጊጋባይት ማለት ነው። ካሜራ ከዚህ ይብሳል። በሰከንድ 4 ሜጋቢት የሚልክ አንድ የግቢ ካሜራ በቀን 43 ጊጋባይት ይጽፋል፤ አራት ካሜራ ለአንድ ወር ለማስቀመጥ 5.2 ቴራባይት ያስፈልጋል። እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ እንዲቀዳ ከተደረገ ግን ይህ ቁጥር በጣም ይወርዳል።

የሚመጡትን ሦስትና አራት ዓመታት ጨምራችሁ አስሉ፤ ዲስኩም እስከ አፉ እንዳይሞላ ሃያ በመቶ ያህል ተዉለት። «4 ቴራባይት» ተብሎ የተሸጠ ዲስክ ዊንዶውስ ላይ 3.64 ሆኖ ቢታይ ሻጩ አላታለላችሁም፤ አምራቹ በ1,000፣ ዊንዶውስ በ1,024 ስለሚቆጥሩ ነው።

ስለ ፍጥነት ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። የቤት ጊጋቢት ኔትወርክ በሰከንድ ቢበዛ 115 ሜጋባይት ያህል ያሳልፋል፤ ዋይፋይ ብዙ ጊዜ ከዚያ ያንሳል። ዛሬ የሚሸጥ ማንኛውም ደህና 3.5 ኢንች ሃርድ ዲስክ ትላልቅ ፋይሎችን ከዚህ በላይ ያነባል። ፊልምና ፎቶ ለማጠራቀም ኤንቪኤምኢ (በጣም ፈጣን፣ የማይሽከረከር ዲስክ) መግዛት ገንዘቡን በኔትወርክ ገመዱ ላይ ማስቀረት ነው።

ሃርድ ዲስክ፦ ሲኤምአር ወይስ ኤስኤምአር?

ከዋጋና ከመጠን በፊት ማወቅ ያለባችሁ ነገር ዲስኩ የሚጽፍበት መንገድ ነው። በሲኤምአር ዲስክ መረጃ የሚጻፍባቸው ክብ መስመሮች ተለያይተው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ አንዱን እንደገና መጻፍ ጎረቤቱን አይነካም። በኤስኤምአር ግን በዚያው ስፋት ብዙ መስመር ለማስገባት ሲባል የአንዱ ጠርዝ እንደ ጣራ ቆርቆሮ በሌላው ላይ ይደረባል። ለማንበብ ምንም ችግር የለውም። ጣጣው የሚመጣው መሐል ያለን መስመር መለወጥ ሲያስፈልግ ነው፤ ላዩ ላይ የተደረቡት ሁሉ ተነሥተው እንደገና መጻፍ አለባቸው። አምራቾች ይህን ለመሸፈን ዲስኩ ላይ በተለመደው መንገድ የሚጻፍበት ጊዜያዊ ቦታ ይተዋሉ። ለዚህ ነው አዲሱ ዲስክ ገና ሲሞከር ፈጣን የሚመስለው። ያ ቦታ ሲሞላ ፍጥነቱ በድንገት ወደ ጥቂት አሥር ሜጋባይት ይወርዳል፤ አንዳንዴም ዲስኩ ውስጡን እስኪያስተካክል ለብዙ ሰከንዶች መልስ አይሰጥም።

አንዴ ተጽፎ ለሚቀመጥ ማኅደር ኤስኤምአር ርካሽና በቂ ነው። ሁለትና ከዚያ በላይ ዲስክ በአንድነት በሚሠሩበት ሬይድ ውስጥ ግን አታግቡት። ከዲስኮቹ አንዱ ሞቶ በአዲስ ሲተካ፣ አዲሱ ላይ ያለ ፋታ ለብዙ ሰዓታት ይጻፋል፤ ኤስኤምአር የማይችለው ደግሞ ይህንኑ ነው። ሲስተሙ ዲስኩ መልስ ሲያቆይበት ሞተ ብሎ ያስወጣዋል። ይህ የሚሆነው ደግሞ ሁለተኛ ቅጂ በሌላችሁ ሰዓት ነው።

ጉዳዩ በ2020 በግልጽ ወጥቷል። ዌስተርን ዲጂታል ለኔትወርክ ማከማቻ የሚሸጠው «ሬድ» ዲስክ፣ ከ2 እስከ 6 ቴራባይት ያሉት አዳዲስ ሞዴሎች ኤስኤምአር እንደሆኑ ሳይገለጽ ገበያ ላይ ነበሩ፤ ጉዳዩ የታወቀው የዜድኤፍኤስ (ብዙ ዲስክን አጣምሮ የሚያስተዳድር የፋይል ሥርዓት) ተጠቃሚዎች ዲስኮቹ ከሬይድ እየወጡባቸው ሲያማርሩ ነው። ከዚያ በኋላ ኩባንያው ስሙን ለየ። «ሬድ ፕላስ» እና «ሬድ ፕሮ» ሲኤምአር ናቸው፤ ያለ ቅጽል «ሬድ» የሚባለው ኤስኤምአር ነው። ከሲጌት «አይረንወልፍ» እና «ኤክሶስ»፣ ከቶሺባ «ኤን300» ሲኤምአር ናቸው። የሲጌት «ባራኩዳ» የ2፣ የ4 እና የ8 ቴራባይት ዲስኮች ግን ኤስኤምአር ናቸው፤ እኛ አገር በብዛት መደርደሪያ ላይ የሚገኘው ደግሞ ይኸው ነው። በዩኤስቢ የሚሰኩት፣ ኪስ የሚገቡት ባለ 2.5 ኢንች ዲስኮች ከ1 ቴራባይት በላይ ከሆኑ ሁሉም ማለት ይቻላል ኤስኤምአር ናቸው። ባክአፕ ለመያዝ ደህና ናቸው፤ የሰርቨር ዋና ዲስክ ለመሆን ግን አይደሉም።

ሻጩ ላያውቅ ይችላል። ዲስኩ ላይ ያለውን ሙሉ የሞዴል ቁጥር አንብባችሁ በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ አረጋግጡ፤ «ሬድ ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

የዴስክቶፕ ዲስክ ሌላም ችግር አለበት፤ ለማንበብ ያቃተው ቦታ ሲያጋጥመው ተስፋ አይቆርጥም። አንድ ደቂቃና ከዚያም በላይ ደጋግሞ ይሞክራል። ለብቻው ለሚሠራ ዲስክ ይህ ጥሩ ጠባይ ነው፤ ሌላ ቅጂ የለማ። በሬይድ ውስጥ ግን ሊኑክስ (ብዙ ሰርቨር የሚሠራበት ኦፐሬቲንግ ሲስተም) በነባሪው 30 ሰከንድ ጠብቆ መልስ ካጣ ዲስኩን እንደገና ለማስነሣት ይሞክራል፤ ካልተሳካለት ከቡድኑ ያስወጣዋል። ለሰርቨር የተሠሩት ዲስኮች 7 ሰከንድ ያህል ሞክረው «አልቻልኩም» ይላሉ፤ ሲስተሙም ያንን ቁራጭ ከሌላው ዲስክ አንብቦ ይጠግነዋል። የዴስክቶፕ ዲስክ ለመጠቀም ከተገደዳችሁ በስማርት (ዲስኩ ስለ ጤንነቱ የሚይዘው መዝገብ) መሣሪያው የስህተት ማገገሚያ ጊዜውን 7 ሰከንድ አድርጉት፤ ዲስኩ ይህን የማይቀበል ከሆነ የሊኑክሱን ትዕግሥት ወደ 180 ሰከንድ ከፍ አድርጉ። ሁለቱም ቅንብር ዲስኩ ወይም ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሣ ስለሚረሳ፣ ሲስተሙ በተነሣ ቁጥር እንዲፈጸም በስክሪፕት መቀመጥ አለበት።

አምራቾች ዲስኩ በዓመት ስንት ቴራባይት ማንበብና መጻፍ እንዲችል ተደርጎ እንደተሠራ ይጽፋሉ። ባራኩዳ 55፣ አይረንወልፍና ሬድ ፕላስ 180፣ ኤክሶስ 550 ቴራባይት ነው። አራት ካሜራ በዓመት 63 ቴራባይት ይጽፋል፤ ስለዚህ ለካሜራ የዴስክቶፕ ዲስክ በወረቀቱም ቢሆን አይበቃም። ለዚህ የተለዩት የዌስተርን ዲጂታል «ፐርፕል» እና የሲጌት «ስካይሆክ» ናቸው።

ከፍታውስ?

ከውጭ በተጻፉ መመሪያዎች ውስጥ የማታገኙት፣ እኛን ግን በቀጥታ የሚመለከት ቁጥር የዲስኩ መግለጫ ወረቀት ላይ አለ፦ የሚሠራበት ከፍታ። ብዙውን ጊዜ ጣሪያው 3,048 ሜትር ነው። በተራ ሃርድ ዲስክ ውስጥ የማንበቢያው ጭንቅላት ከሚሽከረከረው ገጽ በላይ በናኖሜትር የሚለካ ርቀት ላይ የሚንሳፈፈው በአየር ትራስ ነው። አየሩ ሲሳሳ ትራሱ ይሳሳል፤ ጭንቅላቱም ወደ ገጹ ይቀርባል። አዲስ አበባ መሐል ከተማ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛው ያህል ነው፤ ከገደቡ ግን በደህና ርቀት ላይ ናት። ደብረ ብርሃንም በ2,840 ሜትር ገደማ ገደቡ ውስጥ ናት፤ ግን ጠጋ ብላለች። እንጦጦ አናት ላይ ለሚኖር ሰው ግን ጥያቄው የእውነት ነው።

በሂሊየም የተሞሉት ዲስኮች ታሽገው ስለሚሠሩ የውጭው አየር መሳሳት የውስጣቸውን ትራስ አይነካውም። የመጀመሪያውን በ2013 ኤችጂኤስቲ የተባለው አምራች በ6 ቴራባይት አወጣ፤ ዛሬ ከ12 ቴራባይት በላይ ያሉት የሰርቨር ዲስኮች ባብዛኛው የዚህ ዓይነት ናቸው። በአየር የሚሠሩት ሽፋናቸው ላይ ትንሽ መተንፈሻ ቀዳዳ ስላላቸው በቴፕ ወይም በስቲከር እንዳትደፍኗት።

ሳስ ያለ አየር ሙቀትም በደንብ አያነሣም። የዲስኩ ሙቀት ከ30 እስከ 45 ዲግሪ መካከል ቢሆን ጥሩ ነው፤ 50 ካለፈ ማራገቢያ ይጨመርለት። በዲስኮቹ ፊት ለፊት ቀስ ብላ የምትዞር አንዲት ባለ 120 ሚሊሜትር ማራገቢያ ብዙ ጊዜ ትበቃለች። ሰርቨሩን ቁም ሣጥን ውስጥ ዘግቶ ማስቀመጥ ግን አይሆንም።

ኤስኤስዲ የት ይግባ?

ሲስተሙ ላይ። ከ120 እስከ 256 ጊጋባይት የሆነ ትንሽ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ዲስክ) ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙና ለፕሮግራሞቹ የመረጃ ቋት ይበቃል፤ ፎቶና ፊልሙ ሃርድ ዲስክ ላይ ይሁን። ጠቅላላ መረጃችሁ ከ2 ቴራባይት የማይበልጥ ከሆነ ግን ሁሉንም ኤስኤስዲ ማድረግ ትርጉም አለው፤ ድምፅ የለውም፣ መብራት ይቆጥባል፣ መውደቅም እንደ ሃርድ ዲስክ አይጎዳውም።

ስትመርጡ በአንድ ሴል ሦስት ቢት የሚይዘውን ቲኤልሲ ፈልጉ፤ አራት ቢት የሚያጭቀው ኪውኤልሲ ከሆነ እየሞላ ሲሄድ አጻጻፉ ከሃርድ ዲስክም ሊብስ ይችላል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ለምሳሌ ከሳምሰንግ 870 ኢቮ ባለ 1 ቴራባይቱ 600 ቴራባይት እስኪጻፍበት ዋስትና ሲኖረው፣ ኪውኤልሲ የሆነው 870 ኪውቮ ግን 360 ነው። ለቤተሰብ ሰነድ ሁለቱም አያልቁም። ለካሜራ ግን ኪውቮው ስድስት ዓመት አይሞላም።

የተለመደ ኤስኤስዲ መብራት በድንገት ሲሄድ በጊዜያዊ ማህደሩ ላይ የነበረውን ሊያጣ ይችላል። ይህን የሚከላከሉ ካፓሲተሮች ያሏቸው የዳታ ሴንተር ኤስኤስዲዎች ናቸው፤ ያገለገሉ ሆነው ሲገኙ ጥሩ ግዢ ናቸው። ሌላው፣ ኤስኤስዲ ያለ ኤሌክትሪክ ለዓመታት በመሳቢያ የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም፤ በተለይ ብዙ የተጻፈበት ከሆነ የያዘውን ቀስ በቀስ ያጣል። ለረጅም ማስቀመጫ ሃርድ ዲስክ ይሻላል።

በማይታመን ዋጋ የሚሸጠውን «16 ቴራባይት» ኪስ የምትገባ ኤስኤስዲ ደግሞ ጨርሶ እርሱት። ውስጧ ብዙ ጊዜ 64 ወይም 128 ጊጋባይት ሜሞሪ ካርድ ነው፤ ሲሞላ ስህተት አይናገርም፣ የድሮውን እያጠፋ በላዩ ይጽፋል።

ኮምፒውተሩ

ለአብዛኛው ቤት ጥሩው ምርጫ ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ነው፦ ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ፣ ሌኖቮ ቲንክሴንተር። የኢንቴል 8ኛ ትውልድ፣ ለምሳሌ ኮር አይ5-8500፣ ስድስት ኮር ያለው ሲሆን ውስጡ ያለው ግራፊክስ ቪዲዮን ቴሌቪዥኑ ወይም ስልኩ ወደሚያነበው ዓይነት በራሱ ይቀይራል። ከ6ኛው ትውልድ ተጠንቀቁ፤ ዋጋው ያጓጓል፣ ነገር ግን ባለ 10 ቢት ኤችኢቪሲ (ቪዲዮ የሚጨመቅበት አንዱ መንገድ) ቪዲዮ በግራፊክሱ መቀየር ስለማይችል ፊልሙ እየተቆራረጠ ፕሮሰሰሩ ይግላል። 7ኛውና ከዚያ ወዲህ ያሉት ይህ ችግር የለባቸውም።

የኮምፒውተሩን ሻንጣ ሳትከፍቱ አትግዙ። መዳፍ የምታህለው ሚኒ 3.5 ኢንች ዲስክ አታስገባም። ጠፍጣፋው ኮምፒውተር እንደ ሞዴሉ አንድ ወይም ሁለት ያስገባል፤ ከሁለት በላይ ካሰባችሁ ታወሩን (ቀጥ ብሎ የሚቆመውን ትልቁን) ፈልጉ። ማዘርቦርዱ ላይ ያሉትን፣ ዲስክ የሚሰካባቸውን የሳታ መሰኪያዎች ቁጠሩ። የነዚህ ኮምፒውተሮች ፓወር ሰፕላይ የራሳቸው መሰኪያ ስላለው ሲቃጠል ከገበያ ያገኛችሁት ተራ ፓወር ሰፕላይ አይገጥምም፤ ለዚህ በብዛት የሚሸጠውን ሞዴል መግዛት ይሻላል፣ መለዋወጫው ከሌላ አሮጌ ኮምፒውተር ይወጣልና።

ዲስክ ሲነሣ ከ12 ቮልቱ እስከ 2 አምፔር፣ ማለትም 24 ዋት ያህል ይስባል፤ ሲዞር ግን ከ5 እስከ 8 ዋት ነው። አራት ዲስክ በአንዴ ሲነሡ 100 ዋት ይጠጋሉ። የኃይል ገመድ ለማብዛት የሚገዙትን ማከፋፈያዎች እዩአቸው። ከአሮጌው ባለ አራት እግር መሰኪያ፣ ከሞሌክስ፣ ወደ ሳታ የሚቀይሩትና ጫፋቸው በፈሳሽ ፕላስቲክ ተሞልቶ የተሠራው ዓይነት ውስጥ ለውስጥ ተነካክተው ይቃጠላሉ፤ ገመዱ በየእግሩ ተለያይቶ የሚታየውን ምረጡ።

አዲስ መግዛት ለሚፈልግ በ2023 የወጣው ኢንቴል ኤን100 በቂ ነው። አራት ኮር አለው፣ ዲስክ ሳይቆጠር ሥራ ሲፈታ 10 ዋት አካባቢ ይበላል። ስድስት የሳታ መሰኪያ ያላቸው የኤን100 ማዘርቦርዶችም አሉ። ራስፕቤሪ ፓይ 5 ለባክአፕ መቀበያ ይሆናል፤ ዲስክን በዩኤስቢ ለመሸከም ግን የራሱን ባለ 27 ዋት ቻርጀር ይፈልጋል። በተራ የስልክ ቻርጀር ለዩኤስቢ መሰኪያዎቹ የሚሰጠውን ኃይል ስለሚቀንስ ዲስኩ ይነሣል፣ ይጠፋል፣ ይነሣል።

ለብዙ ዲስክ የሚሆን የዩኤስቢ ሳጥን ያጓጓል፤ ለዋና ማከማቻ ግን አልመክረውም። መሐል ያለው ቺፕ ጫና ሲበዛ ይቋረጣል፤ አንዳንዱ ለሁሉም ዲስክ አንድ መለያ ቁጥር ይሰጣል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ቁልፉ በእጅ ካልተጫነ የማይነሣም አለ። የሳታ መሰኪያ ካነሰ ኤኤስኤም1166 ወይም ጄኤምቢ585 ቺፕ ያለው ካርድ ግዙ። ያገለገለ የኤልኤስአይ 9211 ካርድ «አይቲ ሞድ» ላይ፣ ማለትም ዲስኮቹን እንዳሉ ለሲስተሙ በሚያሳይበት አሠራር ላይ ከሆነ አስተማማኝ ነው፤ ግን ለብቻው ማራገቢያ ይፈልጋል።

ከዳታ ሴንተር የወጣ ትልቅ ሰርቨር በርካሽ ሲገኝ ደስ ይላል። ሥራ ፈትቶ 120 ዋት ከበላ በወር 86 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ 30 ዋት የሚበላው ትንሹ ኮምፒውተር 22 አይሞላም። ጩኸቱ ደግሞ መኝታ ቤት አጠገብ የሚቻል አይደለም።

ሜሞሪ 8 ጊጋባይት ይበቃል፤ ብዙ ፕሮግራም የሚጭን 16 ያድርግ። «ዜድኤፍኤስ ለእያንዳንዱ ቴራባይት 1 ጊጋባይት ሜሞሪ ይፈልጋል» የሚለው ወሬ ለቤት አይሠራም፤ ያገኘውን ትርፍ ሜሞሪ ለፍጥነት ይጠቀምበታል እንጂ ካላገኘ አይሞትም። ስህተትን ራሱ የሚያርም ኢሲሲ ሜሞሪ ካገኛችሁ መልካም፤ ለእሱ ሲባል ግን የሁለተኛው ዲስክ ብር አይነካ።

መብራት

መብራት ሲሄድ ሃርድ ዲስኩ በቀረው ሽክርክሪት ጉልበት ጭንቅላቱን ወደ ማረፊያው በኃይል ይጎትታል። ከተለመደው መጥፋት ይልቅ ይህ ክፍሎቹን ያደክማል፤ ስንት ጊዜ እንደደረሰበትም ስማርት በቁጥር 192 ይመዘግባል። ያገለገለ ዲስክ ስትገዙ ያንን ቁጥር ተመልከቱ። በተጨማሪ በጽሑፍ መሐል የነበረው ፋይል ይበላሻል፤ ከሁሉ በላይ የሚጎዱት የፎቶ ፕሮግራሞች የመረጃ ቋቶች ናቸው። መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ ቮልቴጁ ከፍና ዝቅ ስለሚል አደጋው መሄዱ ላይ ብቻ አይደለም።

ስታቢላይዘር ቮልቴጅ ያስተካክላል እንጂ መብራት አይሰጥም። የሚያስፈልገው ዩፒኤስ ነው፤ ቮልቴጅ የሚያስተካክል፣ የዩኤስቢ የመረጃ መሰኪያም ያለው። ያለዚያ መሰኪያ ሰርቨሩ ባትሪው እያለቀ መሆኑን አያውቅም፤ ዩፒኤሱ የሞቱን ሰዓት አዘገየለት እንጂ አላዳነውም። 650 ቪኤ የሚባለው ዩፒኤስ እውነተኛ አቅሙ 360 ዋት ገደማ ሲሆን ውስጡ ያለው አንድ ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ነው። 40 ዋት ለሚበላ ሰርቨር ግማሽ ሰዓት ያህል ቢሰጥ ነው። ስለዚህ ዓላማው ሦስት ሰዓት በባትሪ መቆየት ሳይሆን በሥርዓት መዝጋት ነው።

ሊኑክስ ላይ ነት የተባለውን የዩፒኤስ መቆጣጠሪያ ጫኑና መብራት ሄዶ አምስት ደቂቃ ካለፈ ሰርቨሩ እንዲዘጋ አዘጋጁት፤ ባትሪው እስኪሟጠጥ አትጠብቁ፣ ሊድ አሲድ ባትሪ ተሟጦ ሲያልቅ ዕድሜው በፍጥነት ይቀንሳል። በባዮስ (የኮምፒውተሩ መነሻ ቅንብር) ውስጥ ደግሞ «መብራት ሲመለስ ተነሣ» የሚለውን አብሩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ሰርቨሩ እየተዘጋ ሳለ መብራቱ ቢመለስ፣ ዩፒኤሱ ኃይል አላቋረጠምና ኮምፒውተሩ መብራት መመለሱን አያይም፤ ተዘግቶ እስከ ማግስቱ ይቀራል። መፍትሔው ነት በመዝጊያው መጨረሻ ላይ ዩፒኤሱን ራሱ እንዲያጠፋውና መብራት ሲኖር መልሶ እንዲያበራው ማድረግ ነው።

ከአሜሪካ ዩፒኤስ አታስመጡ፤ ለ120 ቮልት 60 ኸርዝ የተሠራ ስለሆነ በ220 ይቃጠላል። የውጭ ዲስኮችን አስማሚ ግን ጽሑፉን አንብቡት፤ ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ ችግር የለውም።

ሬይድ ባክአፕ አይደለም

ሁለት ዲስክ አንዱ የሌላው ግልባጭ ሆነው ሲሠሩ አንዱ ቢሞት ሥራው አይቆምም። ያ ብቻ ነው። ልጅ በስህተት ያጠፋው ፎልደር ከሁለቱም ላይ በዚያው ቅጽበት ይጠፋል፤ ቫይረስ፣ ሌባና መብረቅም ሁለቱን አይለዩም። ለቤት የምመክረው ይህን ነው፦ ሁለት ዲስክ በግልባጭ፣ ሦስተኛው በሳምንት አንዴ ተሰክቶ ተገልብጦ የሚነቀል፣ አራተኛው ወላጆች ወይም እህት ቤት የሚቀመጥ። ብር ካነሰ የሚተወው ግልባጩ ነው እንጂ ተነቃዩ አይደለም።

የሩቁን ቅጂ በኢንተርኔት መላክ የሚቻል ቢሆንም አስሉት። በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚልክ መስመር 1 ቴራባይት ያለ ማቋረጥ ዘጠኝ ቀን ይፈጃል። የመጀመሪያውን ቅጂ በዲስክ በእጅ ማድረስ፣ ከዚያ በኋላ በየቀኑ የተለወጠውን ብቻ በመስመር መላክ ይሻላል። በተለይ ልጆቹ ዋሽንግተን፣ ወላጆቹ አዲስ አበባ ለሆኑ ቤተሰቦች ይህ አሠራር ሁለቱንም ወገን የሌላው ማከማቻ ያደርጋል።

ሦስትና አራት ትልልቅ ዲስክ በአንድ ትርፍ ብቻ ከሚጠበቅበት ሬይድ 5 ይልቅ ግልባጭን እመርጣለሁ። 16 ቴራባይት ዲስክ ሲተካ በሰከንድ 180 ሜጋባይት ቢሄድ እንኳ ከ24 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ በዚያ ጊዜ የቀሩት ዲስኮች ሁሉ ሙሉ ለሙሉ ይነበባሉ፣ መብራቱም አይሄድም አይባልም። የቢቲአርኤፍኤስ (ሌላ የፋይል ሥርዓት) የራሱን ሬይድ 5 እና 6 ጨርሶ አትንኩት። ከአሮጌ ሰርቨር የወጣ የሬይድ ካርድም ካርዱ ሲሞት ዓይነቱን ፍለጋ ያዞራችኋል፤ የሊኑክስ ወይም የዜድኤፍኤስ ሶፍትዌር ሬይድ ግን የትኛውም ኮምፒውተር ላይ ይከፈታል።

ዲስኩ ሲመጣ

ዲስክ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ ሰው ካመጣላችሁ በእጅ ሻንጣ፣ ከነፀረ ስታቲክ ከረጢቱ፣ በወፍራም ልብስ ተጠቅልሎ ይምጣ። ከመግዛታችሁ በፊት የመለያ ቁጥሩን በአምራቹ የዋስትና ገጽ ላይ አስገቡት፤ ለኮምፒውተር ፋብሪካ የተሸጠ ወይም ለሌላ አገር የተመደበ ከሆነ ዋስትና የለውም። በዩኤስቢ ከሚሰካ የውጭ ዲስክ ሳጥን ተፈልቅቆ የወጣ የዌስተርን ዲጂታል ዲስክ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሲገጠም ጭራሽ ካልተነሣ ተበላሽቷል ብላችሁ አትመልሱት። የኃይል መሰኪያው ሦስተኛ እግር ላይ 3.3 ቮልት ሲያገኝ እንዲጠፋ የተሠራ ነው፤ ያንን እግር ሙቀት በሚችል ካፕተን ቴፕ መሸፈን ይበቃል።

ከዚያ ስማርቱን አንብቡ። አዲስ የተባለ ዲስክ የሠራበት ሰዓት፣ ቁጥር 9፣ ከዜሮ ብዙ መራቅ የለበትም። ይህ ቁጥር ግን ይሰረዛል። በ2025 መጀመሪያ ያገለገሉ የሲጌት ኤክሶስ ዲስኮች ሰዓታቸው ተሰርዞ አዲስ ተብለው ሲሸጡ ተደርሶባቸዋል። የሲጌት ዲስክ ፋርም የሚባል ሌላ መዝገብ አለው፤ አዲሶቹ የስማርት መሣሪያዎች ያነቡታል። ሁለቱ ካልተመሳሰሉ ዲስኩን መልሱ።

ቁጥር 5፣ 187፣ 197 እና 198 ዜሮ መሆን አለባቸው። 197 ካለ ዲስኩ ማንበብ ያቃተው ቦታ አለ ማለት ነው፤ እያደገ ከሄደ ዛሬውኑ ቅጂ ውሰዱ። 199 ብቻ ከጨመረ ዲስኩን አትውቀሱ፣ የሳታ ገመዱን ቀይሩ። ቁጥሮቹ ንጹሕ ቢሆኑም ረጅሙን የራስ ምርመራ አሂዱ፤ ለ8 ቴራባይት ዲስክ 15 ሰዓት ያህል ይወስዳል። ባድብሎክስ የተባለው የዲስክ መመርመሪያ በጽሑፍ ሞዱ አራት ጊዜ ጽፎ አራት ጊዜ ስለሚያነብ ለዚሁ ዲስክ አምስት ቀን ይፈጃል፤ ዲስኩ ላይ ያለውንም ሁሉ ያጠፋል፣ ስለዚህ ባዶ ሳለ ብቻ ነው የሚሠራው። መመለሻ ቀኑ ሳያልፍ ጨርሱት።

በመጨረሻ የእያንዳንዱን ዲስክ መለያ ቁጥር አራት የመጨረሻ ፊደሎች በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ፣ ዲስኩ ከተገጠመ በኋላ በሚታየው ጠርዝ ላይ ለጥፉ። ከሁለት ዲስክ አንዱ ሲሞት ሲስተሙ የሚነግራችሁ በመለያ ቁጥሩ ነው፤ ሲስተሙ በስም ቢጠራው እንኳ ያ ስም ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ሊቀያየር ይችላል። ጤነኛውን ነቅሎ የታመመውን መተው ደግሞ ከሚታሰበው በላይ ቀላል ነው።